ሚዛኑን ማን ያየዋል?

የልብ ድካም ያለበት ሰው ሰውነት ውኃ መያዝ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እግሩ ከማበጡና ትንፋሹ ከማጠሩ ቀናት ቀደም ብሎ ነው። ይህን ቀድሞ የሚያሳየው የቤት ሚዛን ነው። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ መጨመር አብዛኛውን ጊዜ የውኃ መጠራቀም ምልክት ነው።

ታዲያ ቁጥሩን ከቤት ሆኖ ለሐኪም መላክ ብቻውን ይበቃል? እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ታካሚዎች ክብደታቸውንና ስሜታቸውን በየቀኑ ለአውቶማቲክ የስልክ መስመር እንዲናገሩ አደረገ። ለውጥ አልታየም። በመጨረሻው ሳምንት ቢያንስ 3 ጊዜ የደወሉት 55 በመቶ ብቻ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የጀርመን ጥናት ግን ሌላ ውጤት አሳየ። 1,571 ታካሚዎች የተሳተፉበት ሲሆን ክትትል የተደረገላቸው ክብደት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምትና የኦክስጅን መጠን በየቀኑ ይልኩ ነበር፤ ሐኪሞችና ነርሶች ደግሞ 24 ሰዓት ይከታተሏቸው ነበር። ከመደበኛው ሕክምና ጋር ሲነጻጸር የሞት መጠኑ ቀነሰ። በእኔ እምነት ልዩነቱን ያመጣው መረጃውን ተቀብሎ ወዲያው እርምጃ የሚወስደው ባለሙያ ነው።

እባካችሁ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ተመዘኑና ጻፉት። ድንገት ከጨመረ ቀጠሯችሁን ሳትጠብቁ ለሐኪማችሁ ደውሉ፤ ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።