ለሆርን ሰብዉፈር ተስማሚ ድራይቨር አመራረጥ

የሰብዉፈር ድራይቨር ሲመረጥ አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚታዩት የኮኑ ስፋትና የሚሸከመው የዋት መጠን ናቸው። ድራይቨሩ በሆርን ውስጥ የሚገጠም ከሆነ ግን እነዚህ ሁለቱ ብቻቸውን በቂ አይደሉም። ሆርን ከጠባብ ጉሮሮ ተነሥቶ ወደ ሰፊ አፍ እየሰፋ የሚሄድ የድምፅ መተላለፊያ ነው። በጉሮሮው ያለው አየር የኮኑን እንቅስቃሴ አጥብቆ ስለሚቋቋም፣ ወሳኙ ነገር የድራይቨሩ ሞተር፣ ማለትም የማግኔቱና የኮይሉ ጥምር ኃይል፣ ከሚያንቀሳቅሰው ክብደት አንጻር ያለው ጥንካሬ ነው።

ይህን ጥንካሬ ከአምራቹ የመረጃ ሰንጠረዥ ማስላት ይቻላል። ዲ. ቢ. ኪል በ1977 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ጥናት የሆርንን ንድፍ ቲሌ–ስሞል ከሚባሉት የድራይቨር መለኪያዎች ጋር አያይዞታል። በዚህ አካሄድ የድራይቨሩ ተፈጥሯዊ የርግብግቢት ድግግሞሽ በሁለት ተባዝቶ ለኤሌክትሪካዊው ኪው ሲካፈል፣ የኮኑ ክብደት ድምፁን ማዳከም የሚጀምርበት ወሰን ይገኛል። ኪው የሞተሩ ጥንካሬ ሲጨምር የሚያንስ ቁጥር ነው። ለምሳሌ ድግግሞሹ 38 ሄርዝ፣ ኪው 0.28 የሆነ ድራይቨር ወሰኑ 271 ሄርዝ ገደማ ነው፤ 22 ሄርዝና 0.50 ያለው ግን በ88 ሄርዝ ይገታል። ከ40 እስከ 120 ሄርዝ እንዲሠራ ለታሰበ ሰብዉፈር ሁለተኛው ለዝግ ሳጥን ቢመችም ለሆርን አይበቃም።

የጉሮሮው ስፋትም ከእነዚሁ መለኪያዎች ይመነጫል። የመጀመሪያው ድራይቨር ባለ 15 ኢንች፣ ከኮኑ ልስላሴ ጋር የሚመጣጠነው የአየር መጠንም 150 ሊትር ቢሆን፣ ለከፍተኛ ብቃት የሚስማማው ጉሮሮ ወደ 290 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። የኮኑ ስፋት 855 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል በመሆኑ አየሩ ሦስት ለአንድ በሚጠጋ ምጣኔ ይጨመቃል። ስለዚህ ኮኑ ጫናውን ሳይጎብጥና ሳይሰነጠቅ የሚችል ጠጣር መሆን አለበት።

የአፉ ስፋት ደግሞ ምርጫውን ይገድባል። የ40 ሄርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 8.6 ሜትር ነው፤ የአፉ ዙሪያ ከዚህ ጋር እንዲስተካከል ከተፈለገ፣ በገላጣ ቦታ ስድስት ካሬ ሜትር የሚጠጋ አፍ ያስፈልጋል። ሆርኑ በክፍል ጥግ ሲቀመጥ ወለሉና ሁለቱ ግድግዳዎች ስለሚያግዙት፣ የስፋቱ አንድ ስምንተኛ ይበቃዋል። ፖል ክሊፕሽ የማዕዘን ሆርኑን የሠራው በዚሁ መርህ ነው። አፉ ከሚገባው በታች ሲያንስ ግን እጅግ ጠንካራ ሞተር የታችኛውን ድምፅ ያሳሳዋል፤ በዚህ ጊዜ መጠነኛ ኪው ያለው ድራይቨር ይመረጣል። ከሆርኑ የታችኛው ወሰን በታች ኮኑን የሚደግፈው የአየር ጫና ስለሚቀንስም፣ ዝቅተኛውን ድግግሞሽ የሚያግድ ማጣሪያ ሊታለፍ አይገባም።

በመሆኑም በቅድሚያ የሚወሰኑት የሥራው የድግግሞሽ ክልል፣ የሆርኑ መቀመጫና የአፉ ስፋት ናቸው፤ ድራይቨሩ የሚመረጠው ከእነዚህ በኋላ ነው። ሆርኑ በድራይቨሩ ልክ የሚሠራ በመሆኑ፣ ጣውላው ከተቆረጠ በኋላ የተዛባ ምርጫ በአምፕሊፋየር ኃይል አይታረምም።