የልጅ ልጄ ማዕረግና የእኔ ስልክ

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ የልጅ ልጄ ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ፍኖተ ሰላም መጣች። የአንደኛ ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነበረች። ጡረታ ብወጣም ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ሲስተር» ነው የሚለኝ፤ ዓይኔም የቆየ ልማዱን አልተወም። ገና ስስማት ዓይኗ መጎድጎዱን፣ ቀሚሷ መስፋቱን አየሁ። ቡና ሲቀርብ እስከ በረካው ጠጣች፤ ቆሎውን ግን አልነካችም። ማታ ላይ «ጨጓራዬን ያቃጥለኛል» አለች።

«ምን ሆነሽ ነው የኔ ዓለም?» አልኳት። መጀመሪያ «ምንም» አለች። ኋላ ብቻችንን ስንቀር ስልኳን ከፍታ ውጤቷን አሳየችኝና «እማማ፣ ማዕረጉ ቀረ» ብላ አለቀሰች።

እኔ ደነገጥኩ። ያቺን ቃል አፏ ላይ ያስገባኋት እኔ ነኝ። እሑድ እሑድ ስደውልላት «ማዕረግ እንዳያመልጥሽ» ሳልል ስልክ ዘግቼ አላውቅም። ለዕድር ሴቶችም «የእኔ ልጅ በማዕረግ ነው የምትመረቀው» ብዬ አውርቻለሁ። እናቷ ቡሬ ገበያ በርበሬ ሸጣ ነው ወጪዋን የምትችለው፤ ልጅቱ ይህንንም ታስባለች። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወደውን ኬሚስትሪ ትታ ነጥብ በቀላሉ ይገኝበታል የተባለ ትምህርት ክፍል ለመምረጥ ወስና ነበር የመጣችው።

እንግዲህ ልናዘዝ፦ ያን ሁሉ ጊዜ ማዕረግ፣ ማዕረግ ስል በስንት ነጥብ እንደሚገኝ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ «በይ አስተምሪኝ» አልኳት።

ማዕረግ በስንት ይገኛል?

በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለመመረቅ ጠቅላላ አማካይ ነጥቡ ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት። የተለመደው የማዕረግ እርከን ሦስት ነው። ከ3.25 ጀምሮ «በማዕረግ»፣ ከ3.50 ጀምሮ «በከፍተኛ ማዕረግ»፣ ከ3.75 ጀምሮ ደግሞ «በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ» ይባላል። ዩኒቨርሲቲው በሴኔት ሕጉ ከነጥቡ ሌላ የሚጠይቀው ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ኤፍ ስላለበት ተማሪ፣ ልጁ ገና በአንደኛ ዓመቱ ከሬጅስትራር ጠይቆ ቢያውቅ ይሻላል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። ነጥቡ የቱንም ያህል ከፍ ያለ ተማሪ ከዚህ ፈተና ነፃ አይሆንም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው

ኤ 4፣ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3፣ ሲ ፕላስ 2.5፣ ሲ 2 ነጥብ ነው። እያንዳንዱ በትምህርቱ ክሬዲት ይባዛል፤ ይደመራል፤ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። የእኛዋ ስድስት ትምህርት ወስዳለች፤ ሁሉም ባለ 3 ክሬዲት ናቸው። በጂኦግራፊና በሥነ ልቦና ኤ ማይነስ፣ በእንግሊዝኛና በሎጂክ ቢ ፕላስ፣ በፊዚክስ ሲ ፕላስ፣ በሒሳብ ሲ አግኝታለች። ድምሩ 57 ነጥብ፣ ለ18 ክሬዲት ሲካፈል 3.17 ነው። ለማዕረግ 0.08 ነው የጎደላት። ያቺ የሒሳብ ሲ ቢ ብትሆን ኖሮ 3.33 ይሆንላት ነበር።

«ታዲያ ይኸው፣ በአንድ ሲ ተበላሸ» አለች።

«ቆይ» አልኳት። ሆስፒታል ስሠራ የበሽተኛን ትኩሳት በየሰዓቱ ቻርት ላይ እንመዘግብ ነበር። አንዱን ልኬት ብቻ አይቶ የሚደነግጥ ነርስ አይጠቅምም፤ የሚታየው መስመሩ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ስለዚህ አራቱን ዓመት አንድ ላይ አሰላነው። ለስሌት እንዲመች ጠቅላላው 140 ክሬዲት ነው እንበል።

በ3.50 ለመመረቅ 490 ነጥብ ያስፈልጋል። 57ቱ በእጇ ነው። የቀረውን 433 ነጥብ ለቀሪው 122 ክሬዲት ስናካፍለው 3.55 መጣ። ደግመን አሰላነው፤ ያው ነው። «ቀረ» ብላ ያለቀሰችበት ከፍተኛ ማዕረግ ከእርሷ የሚጠይቀው ከእንግዲህ በ3.50 ፈንታ በአማካይ 3.55 ማምጣት ነበር። ቀላል አይደለም፤ ግን አልቀረም።

ቀጥለን ሌላውን ወገን አሰላን። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ማለትም እስከ 105 ክሬዲት ድረስ፣ በ3.17 ብትቆይስ? ለቀሪው 35 ክሬዲት በአማካይ 4.49 ይፈለግባታል። ከኤ በላይ ነጥብ ስለሌለ ይህ አይቻልም። የመጀመሪያ ዓመት ስህተት ትንሽ ዋጋ ያስከፍላል፤ ሳይታረም የከረመ ስህተት ግን በመጨረሻው ዓመት በምንም አይካካስም። ብዙ ቤተሰብ የሚጮኸው በመጨረሻው ዓመት ነው። ያኔ ደግሞ ሒሳቡ አልቋል።

ከቤት ምን ይጠበቃል?

ማዕረግ ከንቱ ነው አልልም። ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር ሲቀጥር፣ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ሲወዳደሩም ነጥብ ይታያል። ዳሩ ግን በሥራ ዘመኔ «በስንት ነጥብ ተመረቅሽ?» ብሎ የጠየቀኝ በሽተኛ አልነበረም፤ መርፌውን በትክክል መውጋቴን ነበር የሚፈልጉት። የማይወደውን ትምህርት ለነጥብ ሲል የመረጠ ልጅ፣ ነጥቡን ቢያገኝ እንኳ ዕድሜ ልኩን የሚሠራው ያንኑ የማይወደውን ሥራ ነው።

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ልጅ የላካችሁ ወላጆችና አያቶች፣ ከስህተቴ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ስትደውሉ ስለ ማዕረግ ከመጠየቃችሁ በፊት «በልተሃል? ተኝተሻል?» በሉ። ሌሊቱን በቡና የነቃ ጭንቅላት ያነበበውን አይይዝም፤ በባዶ ሆድ የተጠጣ ቡናም ጨጓራን ያስቆጣል። ውጤት ሲመጣ «ለምን?» ከማለት «የትኛው ትምህርት ከበደሽ? ማንን ጠየቅሽ?» ማለት ይሻላል። መምህሩን ቢሮው ሄዶ መጠየቅ ለገጠር ልጅ ያስፈራዋል፤ እንዲደፍር አበረታቱት። ልጁ ማልቀስና አለመብላት ካበዛ፣ ከእንቅልፍም ከተጣላ፣ ወደ ግቢው ክሊኒክ እንዲሄድ ምከሩት። ከሁሉ በላይ፣ ልጁ ያላመጣውን ማዕረግ ዕድር ላይ አታውሩ።

የእኛዋ ያን ሰሞን አንድ ሳምንት ተኛች፣ በላች፣ ተመለሰች። ሒሳብ የሚያስጠናት የክፍል ጓደኛ አገኘች። ሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት፣ እርሱም 18 ክሬዲት ነው፣ በ3.50 ዘጋች፤ የሁለቱ አማካይ 3.33 ሆነ። የመጀመሪያውን የማዕረግ መስመር አለፈች ማለት ነው፤ ከፍተኛው ገና ይርቃል። ትምህርት ክፍል ስትመርጥም ኬሚስትሪ ሞላች።

አሁን ሁለተኛ ዓመት ናት። ባለፈው እሑድ ስደውል ከቤተ ሙከራ ስለ ሠሩት ነገር ብዙ አወራችኝ፤ ግማሹን አልገባኝም። ስልኩን ልንዘጋ ስንል «እማማ፣ ዛሬም ስለ ማዕረግ አልጠየቅሽኝም እኮ» አለችኝ።

«ምሳ በልተሻል ወይ?» አልኳት።