ከቲኬቱ በፊት ዋና

ስለ ባክ አይላንድ ጉዞ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ ሁሉንም እዚህ ልጻፈው። አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ቲኬት ዋጋ ነው። እኔ ግን ዋና ከመማር እንድትጀምሩ እለምናችኋለሁ።

ባክ አይላንድ በአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች፣ ከሴንት ክሮይ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለች፣ ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት ናት። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1961 በዙሪያዋ ካለው የኮራል ሪፍ ጋር የተጠበቀ ሥፍራ ብለው አወጇት፤ ክሊንተን በ2001 ክልሉን ወደ 19 ሺህ ኤከር አሰፉት። የሚያስተዳድረው ቨርጂኒያ ያለውን የሸናንዶዋ ፓርክ የሚያስተዳድረው ያው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። ዓሣ ማጥመድም ሆነ ዛጎል ለቅሞ መውሰድ ክልክል ነው። መድረሻው በጀልባ ብቻ ሲሆን፣ ፈቃድ ያላቸው አስጎብኚዎች ከሴንት ክሮይዋ ከተማ ከክርስቲያንስቴድ ይነሣሉ። ከውሃው ሥር የተተከሉ ጽሑፎችን እያነበባችሁ የምትዋኙበት የስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ የሚዋኙበት) መንገድም አላት።

ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። በዚያ ሪፍ ላይ ስሙ የገነነው ኤልክሆርን የሚባለው፣ የአጋዘን ቀንድ የመሰለው ዓይነት፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በካሪቢያን ባሕር በበሽታ አልቋል ማለት ይቻላል። በ1989 ሁጎ የተባለው አውሎ ነፋስ የባክ አይላንድን ሪፍ ሰባበረው፤ በ2005 ደግሞ የባሕሩ ሙቀት ኮራሉን አነጣው። ከዚህ ሁሉ የተረፈውን አሁን የሚያሰጋው አንዱ ነገር ዋና የማይችል እንግዳ ነው። መነጽሩ ውስጥ ውሃ ሲገባበት ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ የሚቆምበት ይፈልጋል፤ ከእግሩ ሥር ያለው ደግሞ ኮራሉ ነው። ላይፍ ጃኬት ከመስጠም ያድናል እንጂ ትንፋሽ አያረጋጋም፣ እግርንም ወደ ታች ከመራገጥ አይከለክልም።

ጣና ወይም ሐዋሳ ዳር ካደጉት በቀር አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች ነን፤ በልጅነታችን ዋና ያስተማረን የለም። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ግን ሰበብ የለንም። ዊተን ያላችሁ በሰመር የዊተን ግሌንሞንት መዋኛ አለላችሁ፤ በብርዱ ጊዜ ሲልቨር ስፕሪንግ ጃክሰን ሮድ ላይ ያለው የማርቲን ሉተር ኪንግ መዋኛ አለ። አሌክሳንድሪያ ያላችሁ የቺንካፒን መዋኛን ጠይቁ። ለጀማሪ ጎልማሶች የሚሰጥ ትምህርት አለ፤ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ቢመዘገብ የሚያፍርበት ነገር የለም። ፊታችሁን ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ በስኖርክሉ በእርጋታ መተንፈስ፣ ምንም ሳትይዙ አሥር ደቂቃ መንሳፈፍ ስትችሉ ያኔ ቲኬት ቁረጡ።

ዳይቪንግ ለምትፈልጉ፣ የመጀመሪያው የኦፕን ዋተር ፈቃድ እስከ 18 ሜትር ያስጠልቃል። ለዚያም 200 ሜትር ሳታቋርጡ መዋኘት ይጠበቅባችኋል። ንድፈ ሐሳቡንና የመዋኛውን ልምምድ እዚሁ ጨርሳችሁ፣ አራቱን የባሕር ጠለቃ ሴንት ክሮይ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ሪፈራል ይሉታል። ውድ የእረፍት ቀናችሁን ክፍል ውስጥ ከማሳለፍ ይህ በብዙ ይሻላል። የጤና ቅጹን ደግሞ በእውነት ሙሉት። አስም ወይም የልብ ሕመም ካለባችሁ የሐኪም ፊርማ ሊያስፈልጋችሁ ስለሚችል ከመነሣታችሁ በፊት ያዙት።

ለጠለቃው ሴንት ክሮይ ላይ ያለውን ኬን ቤይን እመርጣለሁ፤ ከዳርቻው ጥቂት እንደዋኛችሁ የባሕሩ ወለል ገደል ሆኖ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት አለበት፤ በደሙ የተጠራቀመው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ ካልወጣ ከፍታ ላይ አረፋ ሆኖ ይጎዳዋል። ስለዚህ ጠለቃውን መጀመሪያ፣ ባክ አይላንድን ቀጥሎ አድርጉ። የመጨረሻውን ቀን ባዶ ተዉት፤ ነፋስ በርትቶ ጀልባው ቢቀር መተኪያ ይሆናችኋል።

ወቅቱን ከጠየቃችሁኝ ከፋሲካ በኋላ ያለውን የሜይ ወር እላለሁ። የአውሎ ነፋሱ ወቅት በይፋ የሚጀምረው ጁን 1 ነው፤ የገናው ሰሞን ሕዝብና ዋጋም ቀንሷል። በዓለ ሃምሳ ስለሆነም ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ጀልባው ላይ የቀረበውን ሁሉ መብላት ትችላላችሁ።

የጸሐይ ክሬማችሁን ከመያዛችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። ኦክሲቤንዞን፣ ኦክቲኖክሴት ወይም ኦክቶክሪሊን ያለበት ከ2020 ጀምሮ በደሴቶቹ በሕግ ታግዷል። እጅጌው ረጅም የመዋኛ ሸሚዝ ከሁሉም ይሻላል።

ስለ ወረቀት፦ ሴንት ክሮይ የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች ዜጋ ፓስፖርት አይጠየቅም፤ ግሪን ካርድ ያላችሁ ግን ካርዱን በእጃችሁ ያዙ። ስትመለሱ እዚያው ኤርፖርት የጉምሩክና የድንበር መኮንኖች እያንዳንዱን መንገደኛ ይፈትሻሉ። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው ከጠበቃው ጋር ሳይነጋገር እንዳይነሣ። ጉዳያችሁ ገና ላልተወሰነላችሁ ለጊዜው የምመክረው ፍሎሪዳ ያለውን የቢስኬይን ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ እዚያም የሚታይ ሪፍ አለ።