ጣና መሸሸጊያ የለውም

በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከሐይቅ ዳር በሚልኩት ፎቶግራፍ ላይ ክንድ የሚያክል አሳ ታቅፈው ይታያሉ። እንዲህ ያለው አሳ ከጥልቅ ውኃ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በሁለት ዘዴ ነው። አንደኛው ትሮሊንግ ይባላል፤ ጀልባዋ በዝግታ እየሄደች ትንሽ አሳ የሚመስል መንጠቆ ትጎትታለች፤ መንጠቆው እንዲሰምጥ ክብደት ይታሰርበታል። ሁለተኛው ጂጊንግ ነው፤ አጥማጁ ከበድ ያለ መንጠቆ እስከ ታች ያወርድና ከፍ ዝቅ እያደረገ አሳውን ያጓጓዋል። ሱፒሪየር ሐይቅ እስከ 406 ሜትር ይጠልቃል። ቀዝቃዛ ውኃ የሚወደው ትራውት በጋ ሲሆን ወደ ታች ይወርዳል፤ አጥማጁም ይከተለዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ዘዴ ለእኛስ ይሆናል? ከሞጣ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጣናም የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ነገር ግን ስፋቱ እንጂ ጥልቀቱ አያስፈራም፤ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ አማካዩ 8 ሜትር ገደማ ነው። ጌታ ስምዖንን ወደ ጥልቁ እንዲሄድ ያዘዘበት የገሊላ ባሕር እንኳ 43 ሜትር ያህል ይጠልቃል! የወሎው ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ቢሆንም የታችኛው ውኃው ኦክስጅን ስለሚያጥረው አሳው የሚኖረው ከላይ ነው።

በጣና ግን ከቆሮሶና ከአምባዛ ሌላ፣ ላቢዮባርበስ የሚባሉ 15 ያህል ዝርያዎች አሉ። ስምንቱ ሌላ አሳ አሳድደው ይበላሉ፤ የሚገርመው መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ምግባቸውን የሚፈጩት በጉሮሯቸው ነው። አዳኞች ስለሆኑ የሚጎተት መንጠቆ ሊነክሱ ይችላሉ። እንግዲህ ትሮሊንግ ያለ ክብደትም ይሞከራል ማለት ነው።

የጣና አሳ ችግሩ መንጠቆ አይደለም። ድሮ በደንገል ታንኳ የሚጠመደው በዳርቻው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ኡርክ ከምትባል የኔዘርላንድ የአሳ አጥማጆች ከተማ አብያተ ክርስቲያናት በመጣ ድጋፍ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። የተራበን ለመመገብ የታሰበ በጎ ሥራ ነበር፤ ለብዙ ቤተሰብም እንጀራ ሆኗል። ሆኖም ባርበሶቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች በመንጋ ይጎርፋሉ፤ መረቡም የሚዘረጋው በወንዙ አፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በተካሄደ ጥናት የባርበሶቹ ክብደት በ75 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ጥልቅ ሐይቅ ውስጥ ያለ አሳ የሚሸሽበት አለው፤ የጣናው ግን መረብ የማይደርስበት ቦታ የለውም። መንጠቆ አንድ አንድ ሲያነሳ መረብ እናቶቹን በሙሉ ያነሳል።

ከሌላ ቦታ መጥቶ ይተካል እንዳንል፣ በሰባራ ድልድይ በኩል በሚወርደው አባይ ያለው አሳ ጢስ ዓባይ ፏፏቴን ወጥቶ ጣና መግባት አይችልም።

ስለዚህ ባልና ሚስት በነሐሴ ወይም በመስከረም ባሕር ዳር አሳ ለመግዛት ስትወጡ ሻጩን «ይሄ ከየት ተያዘ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ከጉማራ አፍ» ካላችሁና ሆዱ በእንቁላል የተነፋ ባርበስ ከሆነ እለፉት፤ በጥር ግዙት።