የእማሆይ ፒያኖና የጎንደር ቆሎ ተማሪዎች

ዓመት በተለወጠ ቁጥር የሬዲዮ አዘጋጆች የዓመቱ ምርጥ አልበም የትኛው እንደሆነ ይነግሩናል። በአገራችንም የሸገር ኤፍ ኤም 102.1 «ለዛ» ፕሮግራም በአድማጮች ምርጫ ሙዚቀኞችን ሲሸልም እናውቃለን። ምርጫው ሲነገር ልጆች አንዱን፣ እኛ አረጋውያኑ ሌላውን ደግፈን ቤት ውስጥ መከራከራችን የተለመደ ነው። «እርስዎስ የትኛውን ይመርጣሉ?» ብለው የልጅ ልጆቼ ቢጠይቁኝ፣ መልሴ ከዘንድሮዎቹ መካከል አይደለም። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የፒያኖ ሥራ እመርጣለሁ። ምክንያቴም ሸክላው ከእኛ ከጎንደር ልጆች ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው።

እማሆይ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደር ከንቲባ ሆነው ያገለገሉ ሰው ናቸው። በፓርላማችን የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ስንዱ ገብሩም እኅታቸው ናቸው። የውብዳር በ6 ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ጣሊያን አገር ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው ሙዚቃ ቀጠሉ። እንግሊዝ አገር ሄደው የመማር ተስፋቸው ግን ሳይሳካ ቀረ። በዚህ በእጅጉ ያዘኑት ወጣት ፊታቸውን ወደ ገዳም መልሰው መነኮሱ። በግሸን ማርያምም ፒያኖ በሌለበት፣ በባዶ እግራቸው እየሄዱ 10 ዓመት ያህል ኖሩ።

ወደ ጎንደር የመጡት ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። የመጡትም የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት ነበር። ጎንደር ለዚህ ትክክለኛው ቦታ ነው፤ የበዓታ ለማርያም የአቋቋም ትምህርት ቤት ስም በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ቅዱስ ያሬድ ራሱም በመጨረሻ ዘመኑ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በዚያው እንደቀረ በትውፊት ይነገራል።

እማሆይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ በየደጁ ውጭ የሚያድሩ ቆሎ ተማሪዎችን ያዩ ነበር። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ የሚለምኑ ልጆች ናቸው። የሚሰጧቸው ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የሚያውቁት ሙዚቃ ግን ነበራቸው። ስለዚህ በሙዚቃቸው ሊረዷቸው ወሰኑ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እርዳታ ጀርመን አገር ሸክላ አስቀረጹ፤ ገቢውም ለችግረኛ ልጆች እንዲውል አደረጉ።

ዓለም በሰፊው የሰማቸው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ሥራው 21ኛውን አልበም ለእሳቸው ብቻ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2017 ቢቢሲ ሬዲዮ ስለ ሕይወታቸው ዝግጅት አቀረበ። ሙዚቃቸው የውጭ ፊልም ማጀቢያም ሆኗል። እሳቸው ግን ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም በአንዲት ጠባብ ክፍል ከፒያኗቸው ጋር ኖረው፣ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ።

እንግዲህ ይህን ለልጆቻችን የመንገር ኃላፊነት የእኛ ነው። የባዕድ አገር ሰው የሚያደንቀውን ፒያኖ የጎንደር ልጅ ሳይሰማው ቢያድግ ያሳዝናል። አንድ እሑድ ከሰዓት ቡናው ሲፈላ ስልኩን ከልጆቹ ተቀብላችሁ የእማሆይን ሥራ ክፈቱላቸው። ግጥም የለውም፤ ቀስ ያለ ነው። መጀመሪያ ሊሰለቻቸው ይችላል። «ይህ ሙዚቃ የተቀረጸው ደጃችን ላይ ለሚለምኑት ልጆች ነው» ብላችሁ ብትነግሯቸው ግን አሰማማቸው ይለወጣል።

ልጆቹ ደግሞ ዛሬም አሉ። በጤና ሥራ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ብዙ ቆሎ ተማሪዎችን አክሜያለሁ። እከክ፣ ቅማልና በቅማል የሚመጣ ተስቦ፣ የውሻ ንክሻ ዋና ዋናዎቹ ችግሮቻቸው ነበሩ። ለቁራሹ ከምናዘጋጀው እንጀራ ጋር ልንጨምር የምንችለው ብዙ ወጪ የለውም። አንድ ሳሙና፣ የልጆቻችን የጠበባቸው ልብስ፣ አንድ ጀሪካን ንጹህ ውሃ ይበቃል። እከክ የያዘው ልጅ ካያችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ምሩት። በአንድ ጎጆ አብረውት የሚያድሩትም በአንድ ቀን ካልታከሙ በሽታው ይመለሳል፤ ልብስና መኝታቸውም በፈላ ውሃ መታጠብ አለበት።

ውሻ የነከሰው ልጅ ሲገጥማችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡለት። ቁስሉ ላይ ቅጠልም ሆነ ቡና አታድርጉበት። በዚያው ዕለት ጤና ተቋም አድርሱትና የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ። በሽታው ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም፤ ቶሎ የተወሰደ ክትባት ግን ሕይወት ያተርፋል። የየቤታችንን ውሻ ማሰርና ማስከተብም የእኛው ድርሻ ነው።

እማሆይ በእጃቸው ገንዘብ ሳይኖር ባላቸው ሙያ ረዱ። እኛም ሁላችን አንዳንድ ሙያ አለን፤ አንዱ መድኃኒት ያውቃል፣ አንዱ ልብስ ይሰፋል፣ አንዱ ያስተምራል። የልጅ ልጆቻችን ሙዚቃውን ሰምተው ሲጨርሱ «እኛስ ምን እንስጣቸው?» ብለው ከጠየቁን፣ ለእኔ የዓመቱ ምርጥ አልበም እሱ ነው።