ሥዕልን በቤት ማተም ወይስ ለማተሚያ ቤት መስጠት?

አንድን ሥዕል ብዙ ገዢዎች ሲፈልጉት፣ ሠዓሊው ቅጂዎችን አሳትሞ መሸጥ ይችላል። ማተሚያ ገዝቶ በቤቱ ያትም ወይስ ለማተሚያ ቤት ይስጥ? ብዙዎች አስቀድመው የሚያሰሉት ወጪውን ነው። ይሁንና ከወጪው በፊት ሊጠየቅ የሚገባው፣ ቅጂው በገዢው ግድግዳ ላይ ሳይደበዝዝ ምን ያህል ይቆያል የሚለው ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሙዚቀኛው ግራሃም ናሽና ባልደረባው ማክ ሆልበርት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ካሊፎርኒያ ውስጥ "ናሽ ኤዲሽንስ" የተባለውን ማተሚያ ቤት ሲከፍቱ፣ የኪነ ጥበብ ሥራዎችን ቀለም በሚረጭ ዲጂታል ማተሚያ ማባዛት ገና ጀማሪ ሙያ ነበር። የዚያን ጊዜ ቀለሞች ለብርሃን ሲጋለጡ ቶሎ ይደበዝዙ ነበር።

ዛሬም ልዩነቱን የሚፈጥረው የቀለሙ ዓይነት ነው። በብዙ ርካሽ የቤት ማተሚያዎች ውስጥ የሚገኘው በፈሳሽ የሚሟሟ ቀለም ደማቅ ቢሆንም ብርሃንን ብዙም አይቋቋምም። ፒግመንት የሚባለው፣ ያልሟሙ ደቃቅ ቅንጣቶችን የያዘው ቀለም ግን አሲድ በሌለበት የጥጥ ወረቀት ላይ ሲታተም እጅግ ረጅም ዕድሜ አለው።

በቤት ማተም ለሠዓሊው ሙሉ ቁጥጥር ይሰጠዋል። ቀለሙን እያስተካከለ መሞከር፣ ትእዛዝ ሲመጣም አንድ ቅጂ ብቻ ማተም ይችላል። በአንጻሩ ቀለሙ ውድ ነው፤ ለሙከራ የሚባክነው ወረቀትም ወጪ ነው። ማተሚያው ለሳምንታት ሥራ ከፈታ ደግሞ ቀለም የሚረጭባቸው ቀዳዳዎች ሊደፈኑ ይችላሉ።

ማተሚያ ቤት ለትልልቅ መጠኖችና ለብዙ ቅጂዎች ይመረጣል። ብዛቱ ሲጨምር የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል፤ ያልተሸጠው ግን በሠዓሊው እጅ ይቀራል። ስለዚህ ቀለሙና ወረቀቱ ምን ዓይነት እንደሆኑ አስቀድሞ መጠየቅ፣ የሙከራ ቅጂም በቀን ብርሃን መመልከት ይገባል። በስክሪን ላይ የሚያበራ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ በወረቀት ላይ ሊፈዝ ይችላልና።

በሁለቱም መንገድ የምስሉ ፋይል ጥራት ወሳኝ ነው። በተለመደው የ300 ነጥብ በኢንች መለኪያ፣ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቅጂ 3,543 በ4,724 ፒክስል ገደማ ያስፈልገዋል።

ጥቂትና አነስተኛ ቅጂ ለሚሸጥ ሠዓሊ ፒግመንት የሚጠቀም የቤት ማተሚያ ሊበቃ ይችላል፤ ከዚያ ለሚሰፋ ሥራ ማተሚያ ቤቱ ያዋጣል። የትም ይታተም የት፣ ቅጂው ከደበዘዘ ገዢው የሚጠይቀው ፊርማውን ያኖረውን ሠዓሊ ነው።