በቃል መያዝ ማንበብ አይደለም



ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ መጽሐፉን ዘርግቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነበንብ መስማት ለወላጅ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን ልጁ የሚያሰማውን ቃል በዐይኑ ከመጽሐፉ እያነሣ ነውን? ወይስ መምህሩ ሲያነቡ በጆሮው ሰምቶ የያዘውን ይደግማልን? ሁለቱ በድምፅ አንድ ይመስላሉ፤ በፍሬያቸው ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። ስለዚህ ሰው እንዴት እንደሚያነብ ሊቃውንት መርምረው ያገኙትን፣ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በአንጋጫ ያሉ ወላጆች በቤታቸው ሊሠሩበት በሚችሉበት መንገድ ባጭሩ ለመግለጽ አሰብን።

በ2002 ዓ. ም. የትምህርት ሚኒስቴር በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆችን ንባብ በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች አስመርምሮ ነበር። መርማሪዎቹ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠሩ ተራቸው የተደባለቀ ፊደላትን አስነበቡ፤ ቀጥሎም ትርጉም የሌላቸውን፣ ለፈተናው ብቻ የተፈጠሩ ቃላትን ሰጡ፤ በመጨረሻም አጭር ታሪክ አስነብበው ስለ ታሪኩ ጠየቁ። የተፈጠረ ቃል የተሰጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከዚህ ቀደም ማንም ሰምቶት ስለማያውቅ በቃል ሊያዝ አይችልም።

የተገኘው ውጤት የሚያሳዝን ሆነ። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሢሶ የሚያህሉት ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በአዲስ አበባ እንዲህ የሆኑት ከመቶ 10 ያህሉ ሲሆኑ፣ በሲዳምኛ ከተፈተኑት ግን ከመቶ 69 ያህሉ ነበሩ። ሲዳምኛ ለሀዲያና ለከምባታ ቋንቋዎች የቅርብ ዘመድ ነው፤ በዚያን ጊዜም ሦስቱ ሕዝቦች በአንድ ክልል ይተዳደሩ ነበርና፣ ነገሩ የጎረቤት ብቻ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ተመላልሰዋል። ብዙዎቹም በቤታቸው እንደሚያነቡ ይታመን ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ይህን የቃል መያዝ ነገር የጥንት የኔታዎቻችን አስቀድመው ዐውቀውት ነበር። ሕፃኑ ሀ ሁ ሂን በዜማ ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳን የሚያስቆጥሩት በዚሁ ምክንያት ነው። በአቡጊዳ የፊደሉ ተራ ስለሚለወጥ፣ ተራውን በዜማ የያዘ ልጅ ወዲያው ይታወቃል፤ መልኩን ለይቶ የሚያውቅ ግን አይደናገርም። የዛሬዎቹ መርማሪዎችም ፊደላቱን የደባለቁት ያንኑ ለመለየት ነው።

ሆኖም ፊደሉን መለየት ብቻውን ንባብ አይሆንም። በ1986 በፈረንጅ አቆጣጠር ጎፍና ተንመር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ንባብን የሁለት ነገሮች ብዜት አድርገው ገለጹት፤ አንዱ ጽሕፈቱን ወደ ቃል መፍታት፣ ሁለተኛው ቋንቋውን ሰምቶ ማስተዋል ነው። ድምር ሳይሆን ብዜት ነውና፣ አንዱ ባዶ ከሆነ ሁሉም ባዶ ይሆናል። ፊደሉን ያወቀ ነገር ግን ቋንቋውን የማያውቅ ልጅ ድምፅ ያሰማል እንጂ አያነብም፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሆኖ ፊደሉን ያለየም እንዲሁ ነው።

በ1986 ዓ. ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ትምህርታቸውን በቤታቸው ቋንቋ እንዲጀምሩ መፍቀዱ ከዚህ አሳብ ጋራ ይስማማል። ሀዲይሳም የከምባታም ቋንቋ ከዚህ በፊት በ1971 ዓ. ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች መካከል ሆነው በግእዝ ፊደል ይማሩባቸው ነበር። ከፖሊሲው ወዲህ ግን የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው።

ከዚህም የተነሣ የሆሳዕናና የዱራሜ ልጅ ሁለት ዐይነት ሥራ ይጠብቀዋል። በአማርኛ አንዱ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይይዛል፤ 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉና ለማወቅ ብዙ ድካም ይጠይቃል፤ ካወቁት በኋላ ግን ማገጣጠሙ ይቀላል። በላቲን ፊደላቱ ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ልጁ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ለይቶ መስማት አለበት። በአማርኛ «ገና» ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ነገር ሲሆን፣ ጽሕፈቱ አንድ ነው፤ በሀዲያና በከምባታ ቋንቋ ግን የሚጠብቀው ፊደል ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ደግሞም በእንግሊዝኛ ኤክስ የተባለው ፊደል በእነዚህ ቋንቋዎች «ጥ» ነው። እንግዲህ ልጁ ቢደናገር ሰነፍ አትበሉት፤ ሦስት ቋንቋ በሁለት ዐይነት ፊደል ተሸክሟልና።

ከ2005 ዓ. ም. ጀምሮ ሀዲይሳን ጨምሮ በሰባት የአገራችን ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል። በ2000 በፈረንጅ አቆጣጠር የአሜሪካ የንባብ ጉባኤ የብዙ ሊቃውንትን ምርመራ አመዛዝኖ፣ ለንባብ ትምህርት አምስት ነገር እንደሚያስፈልግ አስታውቋል። እነዚህም ድምፅን ለይቶ መስማት፣ ድምፅን ከፊደሉ ጋራ ማጋጠም፣ ሳይደናቀፉ ማንበብ፣ ቃላትን ማብዛትና የተነበበውን ማስተዋል ናቸው። ሳይደናቀፉ ማንበብ የተጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በየፊደሉ የሚቆም ልጅ ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳዋልና።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ፊደል ያልቆጠረች እናትም ልጇን ልትመረምር ትችላለች። ከገጹ ላይ በሁለት ቦታ የተጻፈ፣ መልኩ ፈጽሞ አንድ የሆነ ቃል ትፈልግ፤ አንዱን በስንደዶ አመልክታ «ይህ ምን ይላል?» ትበለው፤ ጥቂት ቆይታም ሁለተኛውን ትጠይቀው። ልጁ ለአንድ መልክ ሁለት ልዩ ልዩ ቃል ቢሰጥ፣ በቃሉ ይዞ ነው ወይም ገና እየገመተ ነው። ያን ጊዜ መቈጣት አይገባም፤ መምህሩ ዘንድ ሄዶ መንገር እንጂ።

ሁለተኛ፣ ልጁ አንብቦ ሲጨርስ መጽሐፉን አስከድናችሁ የሆነውን በቤታችሁ ቋንቋ ይንገራችሁ። ማን መጣ? ለምን ተጣሉ? መጨረሻው ምን ሆነ? በሉት። ሦስተኛ፣ ማታ ከምድጃው ዳር ተረት አትንፈጉት፤ አባት የአገሩን ታሪክ፣ እናትም እንሰት ስትፍቅ የእያንዳንዱን መሣሪያና ሥራ ስም ትንገረው። በጆሮው ያልገባ ቃል በዐይኑ ቢያየው አይገባውምና፣ ይህ ሁሉ የንባብ ትምህርት ነው።

የንባብ ጕድለት እንደ ቍስል አይታይም። ልጁ ከክፍል ወደ ክፍል እያለፈ፣ የሒሳቡም የሳይንሱም መጽሐፍ እንደ ተዘጋ ሊቀርበት ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የታወቀ ጕድለት ግን በጥቂት ትጋት ይቃናል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጃችሁ መጽሐፉን ሲዘረጋ ድምፁን በመስማት ብቻ አትደሰቱ፤ ስንደዶውን አንሥታችሁ ከመካከል አንዲት ቃል ጠይቁት።